የፍራፍሬ ሽታ ያላቸው ኤስተሮች

ኤስተር የካርቦክሲሊክ አሲድና የአልኮል ውህድ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ውሃ ይወጣል። አነስተኛ ሞለኪውል ያላቸው ኤስተሮች ቶሎ ይተናሉ፤ ብዙዎቹም የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታሉ። ለሽቶ ቀማሚ የሚፈለጉት በዚሁ ነው።

ጠባያቸውን ለመረዳት በሆሳዕናና በዱራሜ ገበያ ከሚቀርበው ቅቤ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል እየተባለ ይለያል። የወተት ስብ ራሱ ኤስተር ነው፤ ግሊሰሮልና ልዩ ልዩ የስብ አሲዶች ተጣምረው ሠርተውታል። ቅቤው ሲሰነብት ተህዋስያንና እርጥበት ጥምረቱን ይፈቱትና ቡቲሪክ አሲድ ነጻ ይወጣል። የበሳል ቅቤ ኃይለኛ ሽታ በአብዛኛው የዚህ አሲድ ነው። ጠጉር ለመቀባት ለጋው የሚመረጠው፣ አደስም የሚገባበት፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

ያው አሲድ ግን ከኢታኖል፣ ማለትም አረቄ ውስጥ ካለው አልኮል ጋር፣ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት ሲሞቅ ኢታይል ቡቲሬት ይሆናል፤ አናናስ አናናስ ይሸታል። ኤሚል ፊሸርና አርተር ሽፓየር ይህን ዓይነቱን አሠራር በ1895 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ንግዱ ግን ቀድሟቸዋል፤ በ1851 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ሠራሽ የአናናስና የፒር መዓዛዎች ለእይታ ቀርበው ነበር።

የሙዝ ሽታ በዋናነት የአይሶአሚል አሴቴት ነው። የሐድያና የከምባታ ጓሮ ንጉሥ የሆነው እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም የሚፈለገው ለፍሬው ሳይሆን ለቆጮው፣ ለቡላውና ለአሚቾው ነው፤ ስለዚህ ይህ መዓዛ ከእሱ አይጠበቅም። ንብ ግን ታመነጨዋለች። ስትነድፍ ከመንደፊያዋ አካባቢ ይለቀቅና ሌሎቹን ለጥቃት ይጠራል፤ ይህም በ1962 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ሙዝ ሙዝ የሚል ቅባት ተቀብቶ ቀፎ መክፈት አይመከርም።

በሽቶ ውስጥ የትናንሾቹ ኤስተሮች ዕድሜ አጭር ነው። ኢታይል ቡቲሬት በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ሽቶው እንደተረጨ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ውሃ ካገኘው ደግሞ ቀስ በቀስ ተፈትቶ ወደ ቡቲሪክ አሲድ ይመለሳል፤ ቀማሚው አብዝቶ ቢጨምረው ደንበኛው የከረመ ቅቤ ሊሸተው ይችላል። ስለዚህ ከበድ ያሉት ይመረጣሉ። ጃስሚን የሚያስታውሰው ቤንዚል አሴቴት የሚፈላው 213 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኮክ የሚሸተው ጋማ-አንዴካላክቶን ደግሞ ቀለበት የሠራ ኤስተር ሲሆን፣ ዣክ ጌርላን በ1919 እ.ኤ.አ. ላወጣው «ሚትሱኮ» ሽቶ መለያው ሆነ። ነጋዴዎች እስከ ዛሬ «አልዲሃይድ ሲ-14» ይሉታል፤ አልዲሃይድም አይደለም፣ ካርቦኖቹም 11 ብቻ ናቸው።