አስተርጓሚዋ የማን ነበረች?

እ.ኤ.አ. በ1967 ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ድንች በማሸግ የሚተዳደር አንድ የፖርቶ ሪኮ ወጣት በሰው መግደል ወንጀል ተከሶ ችሎት ቀረበ። የሚያውቀው ስፓኒሽ ብቻ ነው፤ ጠበቃው ደግሞ ስፓኒሽ አያውቅም። (ልጁ የአሜሪካ ዜጋ መሆኑን ልብ በሉ።)

አስተርጓሚ አልነበረም እንዳይባል ነበረች፤ የዐቃቤ ሕግ ነበረች እንጂ። እሱ ሲናገር ለዳኛውና ለጁሪው በእንግሊዝኛ ትተረጉማለች። በእሱ ላይ ሲመሰከር ግን ዝም። ከ14ቱ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች 12ቱ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷም በሁለት አጫጭር እረፍቶች የምስክሮቹን ቃል ጨምቃ ነገረችው፣ በቃ። ከ20 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በ1970 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለልጁ ወሰነ። የሚባልበትን የማይሰማ ሰው ምስክርን እንዴት ይሞግታል? ዝም ማለቱም መብቱን እንደተወ አይቆጠርበትም፤ መብት እንዳለው ማን ነገረው? ኮንግረሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የአስተርጓሚ ሕግ ያወጣው ከዚያ 8 ዓመት ቆይቶ ነው።

የኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(7) ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቃሉ ብቻ ሳይሆን ክርክሩ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጠየቅ እንደሚችል በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገረው ግን አንቀጹ አይልም።