ከአራት ኪሎ እስከ ስምጥ ሸለቆ፦ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለዖማር ያጊ መሰጠቱ ታወጀ። የተሸለሙት በውስጣቸው እጅግ ጥቃቅን ክፍት ቦታ ያላቸውን ቁሶች በመሥራታቸው ነው። ያጊ አማን ከተማ ውስጥ ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ተወልዶ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አደገ፤ በኋላ ከበረሃ አየር ውሃ የሚሰበስብ ቁስ ሠራ።

ይህ ሳይንስ ለአራዳም እንግዳ አይደለም። ከፒያሳ በእግር የሚደረሰው የአራት ኪሎ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቆመበት፣ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ቤት ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሉ ባልደረባ ዮናስ ጨቡዴ፣ ከማድሪዷ ተመራማሪ ኢዛቤል ዲያዝና ከባልደረቦቿ ጋር ዚዮላይት የተባለውን ቀዳዳማ ማዕድን ሲያጠና ቆይቷል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1756 ያወጣለት ስዊድናዊው ክሮንስቴት ነው፤ ድንጋዩ ሲሞቅ እንፋሎት ሲተፋ አይቶ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው።

ጥናቱ የያዘው ጉዳይ የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ አላቸው። የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ይጎብጣል፤ ይህም በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ ታይቷል። ከከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ነገር ግን ጾመኛ ሰው በአጥንት ያለፈ ውሃ መጠጣት ይከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የቡድኑ ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። የኢትዮጵያው ስቲልባይት የተባለው ዚዮላይት ብቻውን ፍሎራይድን አይዝም፤ የሁለቱም ሙል አሉታዊ ስለሆነ ይገፋፋሉ። በፎስፌት ሲታከም ግን በውስጡ ያለው ካልሲየም ወጥቶ በላዩ ላይ የጥርስና የአጥንት ማዕድን ዓይነት ስስ ሽፋን ይሠራል። ጥርስን የሚያጠቃው ፍሎራይድ ሰው አፍ ከመድረሱ በፊት እዚያው ይያዛል።

የምሁር ሕይወት ብዙ ጊዜ የሚለካው በታተመ ጽሑፍ ብዛት ነው። ከላቦራቶሪ እስከ ቦኖ ግን ሌላ ሥራ አለ፦ ድንጋዩን መቆፈር፣ መፍጨት፣ ማከም፣ ሲጠግብ መቀየር። ለዚህ በጀትና ኃላፊነት የሚወስድ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። ድንጋዩም፣ ዕውቀቱም፣ በሽታውም እዚሁ አገር ናቸው፤ ማገናኘቱን ለፕሮፌሰሮች ብቻ መተው ተገቢ አይደለም።