የመንግሥት ጫና በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘት ቁጥጥር ላይ (የአሜሪካ ሕግ)

የመንግሥት ጫና በይዘት ቁጥጥር ላይ ማለት ባለሥልጣናት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጽሑፎችን እንዲያነሱ ወይም ሥርጭታቸውን እንዲገድቡ በደብዳቤ፣ በስልክ ወይም በመግለጫ የሚያደርጉት ግፊት ነው። የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል ኩባንያን አይደለም። ፌስቡክ በራሱ ደንብ ጽሑፍ ቢያነሳ ማሻሻያው አይመለከተውም፤ ክርክር የሚነሳው ውሳኔው በእርግጥ የኩባንያው ስለመሆኑ ጥርጣሬ ሲገባ ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ

አብዛኛውን ጊዜ በመነሻነት የሚጠቀሰው ባንታም ቡክስ የተባለው አሳታሚና ሌሎች ሦስት አሳታሚዎች ያቀረቡት፣ በ1963 የተወሰነው ክስ ነው። የሮድ አይላንድ ምክር ቤት በ1956 የወጣቶችን ሥነ ምግባር የሚከታተል ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ መጽሐፍ የማገድም ሆነ የመቅጣት ሥልጣን አልነበረውም። ሥራው በኮሚሽኑ ይፋዊ ወረቀት ለጅምላ አከፋፋዮች ደብዳቤ መጻፍ ነበር፦ እገሌ የተባለው መጽሐፍ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሊሸጥ አይገባም፣ ዝርዝሩ ለፖሊስም ይላካል፣ ስለሚያደርጉልን ትብብር እናመሰግናለን። ትሕትና አልጎደለውም። ከደብዳቤው ጥቂት ቆይቶ ግን ፖሊስ ወደ አከፋፋዩ ሄዶ ምን እንዳደረገ ይጠይቅ ነበር። ቢያንስ 35 ደብዳቤዎች የደረሱት አንድ አከፋፋይ መጽሐፎቹን ከቸርቻሪዎች እየሰበሰበ ለአሳታሚዎቹ መልሷል፤ ከታወቁት ልብ ወለዶች «ፔይተን ፕሌስ» በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ኮሚሽኑ የምመክረው ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ዳኛ ብሬናን የጻፉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ከምክሩ ጀርባ ያለውን ማስፈራሪያ አይቶ አሠራሩን ሕገ ወጥ ሳንሱር ብሎታል።

መርቲ እና ሚዙሪ

በግንቦት 2022 ሚዙሪና ሉዊዚያና፣ ቆይቶም አምስት ግለሰቦች ተጨምረው፣ የባይደን አስተዳደር በኮቪድና በ2020 ምርጫ ላይ የተጻፉ ጽሑፎችን አሳፍኗል ብለው ከሰሱ፤ ክሱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚታወቅበት ስም የመጣው ከተከሳሾቹ አንዱ ከነበሩት የአገሪቱ ዋና ሐኪም መርቲ ነው። የፌዴራል ዳኛው ቴሪ ዳውቲ በሐምሌ 4 ቀን 2023 ሰፊ እግድ ሰጡ፤ ይግባኝ ሰሚው አጠበበው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 26 ቀን 2024 እግዱን በ6 ለ3 ሽሯል። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ባሬት ናቸው። ከሳሾቹ የደረሰባቸውን ጉዳት ከተወሰነ ባለሥልጣን ግፊት ጋር ማያያዝ ስላልቻሉ የመክሰስ መብት የላቸውም ብለዋል፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ግፊቱ ከመምጣቱ በፊት ገደብ መጣል ጀምረው እንደነበርም አመልክተዋል። በሮድ አይላንድ ደብዳቤው፣ ፖሊሱና የተመለሰው መጽሐፍ ተከታትለው ይታዩ ነበር፤ እዚህ ግን ሰንሰለቱ ተቆርጧል። ስለዚህ ግፊቱ ከማሳመን አልፎ ማስገደድ ሆኗል ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። ዳኛ አሊቶ ከቶማስና ከጎርሰች ጋር ሆነው በልዩነት ጽፈዋል።

ከዚህ ውሳኔ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ የኒውዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን በጦር መሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ላይ አስነስታለች በተባለው ክስ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለማኅበሩ ወስኗል። ባለሥልጣን የማይወደውን ሐሳብ በሦስተኛ ወገን በኩል አስገድዶ ማፈን አይችልም የሚለው መርህ በዚያ ውሳኔ ጸንቷል።

ከውሳኔው በኋላ

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኃላፊ ማርክ ዘከርበርግ በነሐሴ 2024 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ በ2021 ከዋይት ሐውስ ተደጋጋሚ ጫና እንደነበረ ገልጿል፤ ይዘት የማንሳቱ ውሳኔ ግን የኩባንያው እንደነበር አልካደም።

በሌሎች አገሮች

ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ኩባንያዎች ሕገ ወጥ ይዘትን ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ በግልጽ ደንግገዋል፤ የጀርመኑ ገደብ ሕገ ወጥነታቸው በግልጽ የሚታይ ይዘቶችን የሚመለከት ነበር፤ በ2024 ቀርቷል።