ስንታመም የሚከፍለው ማን ነው? የጤና ሥርዓቶች ከአገር አገር

የጁሙዓ ሶላት አብቅቶ ሰዉ ከመበተኑ በፊት አንድ ወንድም የሐኪም ወረቀት ይዞ ከፊት ይቆማል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል። የመስጂዱ ኮሚቴ ጉዳዩን ያስረዳል፣ ጀማዓውም እንደየአቅሙ ይሰጣል። አጅሩ ከአላህ ነው። ነገሩን ከጤና ፋይናንስ አንጻር ካየነው ግን ችግር አለበት። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ሰውየው ከታመመ በኋላ ነው። የሚሰጠው በዚያ ቀን እዚያ የተገኘ ሰው ብቻ ነው። የሚያገኘውም ለመቆም የደፈረው ነው፤ ዓይን አፋሩና አልጋ የያዘው ቤታቸው ይቀራሉ። የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ቢበቃ ነው፤ እጥበቱ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

አገሮች የጤና ሥርዓታቸውን ሲገነቡ የሚጨነቁት በዚሁ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ መቼ ይሰበሰብ? ከማን? ተሰብስቦስ ማን ይያዘውና ለሐኪም ቤቱ ይክፈል? መንገዶቹ በጥቅሉ አራት ናቸው፤ ግብር፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ የመድህን መዋጮ፣ በግል የሚገዛ ኢንሹራንስ እና በሕክምናው ሰዓት ከኪስ የሚከፈል ገንዘብ። ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚጠቀም አገር የለም፤ ልዩነቱ የትኛው ይበዛል በሚለው ላይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅትና በዓለም ባንክ የ2023 ሪፖርት መሠረት፣ በሕክምና ወጪ ምክንያት ለገንዘብ ችግር የሚዳረጉ ሰዎች ወደ ሁለት ቢሊዮን ይጠጋሉ። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምስተኛ መንገድም ነበር። በ1284 ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያሠሩት አል-መንሱሪ ሆስፒታል የሚተዳደረው በወቅፍ ነበር። ለእሱ የተወቀፉ የሱቆች፣ የመታጠቢያ ቤቶችና የሌሎች ንብረቶች ገቢ የሐኪሞቹን ደመወዝ፣ መድኃኒቱንና የታማሚዎቹን ምግብ ይሸፍን ነበር። የወቅፉ ሰነድ ሀብታም ከድሃ፣ ወንድ ከሴት ሳይለይ እንዲታከም ያዝዛል። ገንዘቡ የሚዘጋጀው በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ጀርመን፦ ከደመወዝ ላይ

ዘመናዊው የጤና መድህን የተጀመረው በጀርመን በ1883 ነው። ሕጉን ያወጡት ቻንስለር ቢስማርክ ለሠራተኛው አዝነው ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶች እንዳይሄድባቸው ፈርተው ነው። ዛሬ መሠረታዊው መዋጮ የደመወዝ 14.6 በመቶ ሲሆን ሠራተኛውና አሠሪው እኩል ይካፈሉታል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የመድህን ድርጅት የራሱን ተጨማሪ መዋጮ ያስከፍላል።

መዋጮው የሚሰላው በገቢ እንጂ በበሽታ አይደለም። ስኳር ያለበት የሃምሳ ዓመት ሰውና ጤነኛው ጎረምሳ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ በአንድ ድርጅት ውስጥ እኩል ይከፍላሉ። ሥራ የሌላት ሚስትና ልጆች ተጨማሪ ሳይከፈልባቸው በአባትየው ካርድ ይታከማሉ። ገንዘቡን የሚይዙት “ክራንከንካሴ” የሚባሉ አንድ መቶ ገደማ ድርጅቶች ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ አትራፊ ኩባንያም አይደሉም። አባሉ ካልተስማማው ወደ ሌላው መዛወር ይችላል። ገቢያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ወጥተው የግል ኢንሹራንስ መግዛት ስለሚፈቀድላቸው ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ በዚያ በኩል ነው። ይህ በጀርመኖቹ ዘንድም የማያቋርጥ ክርክር የሚያስነሳ ነው። አዲስ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ ግን ይህ ሁሉ ወዲያው አይደርሰውም። በመጀመሪያው ጊዜ የሚሸፈንለት በዋናነት ድንገተኛ ሕመም፣ ሕመም ማስታገሻና የወሊድ ክትትል ነው። ይህ ጊዜ በ2024 ከ18 ወር ወደ 36 ወር ተራዝሟል።

ብሪታንያ፦ ወደ አገር ያደገ ዕድር

በዌልስ ትሬዴጋር በምትባል የማዕድን ከተማ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከደመወዛቸው ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የራሳቸውን ሐኪሞች ይቀጥሩ ነበር። አሠራሩ ከእኛ ዕድር ብዙም አይርቅም፤ የእኛው ለቀብር፣ የእነሱ ለሕክምና መሆኑ ነው እንጂ። በዚያች ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ማዕድን ጉድጓድ የወረደው አኑሪን ቤቫን በኋላ የጤና ሚኒስትር ሆነና ሐሳቡን ለመላ አገሪቱ አዋለው። ሐምሌ ማለትም ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ (ኤንኤችኤስ) ሥራ ጀመረ።

እዚህ መዋጮ፣ ካርድ፣ የአባልነት እድሳት የለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ከግብር ይመጣል፤ በሽተኛው ሐኪም ቤት በር ላይ አይጠየቅም። ሆስፒታሎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ የሰፈር ሐኪሞቹ (ጂፒ) ግን እስከ ዛሬ የራሳቸውን ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ የውል ባለሙያዎች ናቸው፤ ገቢያቸው በዋናነት በተመዘገበላቸው ሰው ብዛት ይወሰናል። ወደ ስፔሻሊስት የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው።

ዋጋው ወረፋ ነው። በእንግሊዝ በ2023 ቀጠሮ የሚጠብቁት ጉዳዮች ከሰባት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ገንዘብ የማይገድበውን ሕክምና ጊዜ ይገድበዋል። ድንገተኛ ያልሆነ የዳሌ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አዛውንት ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በአብዛኞቹ የሥራ ቪዛዎች የሚገባ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ ይጠየቃል፤ ጥገኝነት ጠያቂዎችና ስደተኞች ግን አይከፍሉም። በእንግሊዝ ጂፒ ዘንድ ለመመዝገብ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ እንዳልሆነ ብዙ ወገኖቻችን ስለማያውቁ፣ መዝጋቢዋ “አይሆንም” ስትላቸው ዝም ብለው ይመለሳሉ።

አሜሪካ፦ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ቀዳዳ

አሜሪካ ከኢኮኖሚዋ 17 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች፤ ይህን ያህል የሚያወጣ ሌላ ትልቅ አገር የለም። ሆኖም በ2023 ወደ 26 ሚሊዮን የሚሆን ሰው መድህን አልነበረውም። ምክንያቱ አንድ ሥርዓት ሳይሆን የብዙ ሥርዓቶች ጥርቅም መሆኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደመወዝ መጨመር ሲከለከል አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ ኢንሹራንስ መስጠት ጀመሩ፤ ልማዱ በዚያው ቀረ። በ1965 ለአዛውንቶች ሜዲኬር፣ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ሜዲኬይድ መጣ። በ2010 የወጣው “ኦባማኬር” ደግሞ በራሱ የሚሠራው ሾፌርና ነጋዴ በመንግሥት ድጎማ ኢንሹራንስ የሚገዛበትን ገበያ ከፈተ።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያስደነግጠው “ኢንሹራንስ አለኝ” ብለው ከታከሙ በኋላ የሚመጣው ቢል ነው። ብዙዎቹ ውሎች ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ዶላር፣ ከታካሚው ኪስ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ዋጋውም አንድ አይደለም፤ ያው ምርመራ በሁለት ጎረቤት ሆስፒታሎች በጣም የተራራቀ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ሜዲኬርን የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ባይኖረውም መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ትርፍ የማይሠሩ ሆስፒታሎች ደግሞ አቅም ለሌለው የሚቀንሱበት ወይም የሚሰርዙበት በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ ሳይጠየቅ ግን የሚሰጥ እምብዛም ነው።

ይህችው አሜሪካ ታዲያ ለኩላሊት በሽተኛ ለየት ያለች ናት። በ1972 በወጣ ሕግ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው፣ እሱ ወይም ቤተሰቡ በቂ የሥራ ዘመን መዋጮ ካለው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬር ያገኛል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች

ሳዑዲ ዓረቢያ ዜጎቿን በመንግሥት ሆስፒታሎች በነጻ ታክማለች። የውጭ ሠራተኛው ግን በሌላ መስመር ነው። በ1999 በወጣው የትብብር ጤና መድህን ሕግ መሠረት የግል ድርጅት አሠሪ ለሠራተኛው ኢንሹራንስ ይገዛል፤ ወጪው የአሠሪው ነው። “የትብብር” መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገሪቱ ዑለማዎች የንግድ ኢንሹራንስን ነቅፈው አባላት እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን ዓይነት ስለፈቀዱ ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልገቡት የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ማለትም ከእኛ እህቶች አብዛኞቹ። በጁላይ 2024 ግዴታው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያላቸው ቤቶች ላይ ተጣለ። አንዲት ብቻ የቀጠረው ቤት፣ ያውም ብዙው ቤት፣ በዚያ ግዴታ ውስጥ አልተካተተም። በኤምሬቶች ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ግዴታው በሁሉም ኤምሬቶች ሆኗል። በሁለቱም አገሮች ካርዱ የታሰረው ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ነው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች እህት ኢቃማዋ ሲወድቅ መድህኗም አብሮ ይወድቃል።

ደመወዝ የሌለውስ?

ከደመወዝ መቁረጥ ቀላል ነው። ገበሬው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው ግን ደመወዝ የላቸውም። ድሃ አገሮች ሁሉ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ታይላንድ መጀመሪያ በፈቃደኝነት የሚገዛ የጤና ካርድ ሞክራ ነበር። የሚገዛው ያመመው ሆነ፤ ጤነኛው ለምን ይግዛ? በሽተኞች ብቻ የሚያዋጡበት ሣጥን ደግሞ ቶሎ ይጎድላል። በ2002 መንግሥት ይህን ትቶ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የድርጅት ተቀጣሪ ያልሆነውን ሁሉ፣ ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ በግብር ገንዘብ ሸፈነ። ታካሚው በአንድ ጉብኝት የሚከፍለው 30 ባህት፣ በወቅቱ ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ሆስፒታሉ የሚከፈለው ባዘዘው ምርመራ ብዛት ሳይሆን በተመዘገበለት ሰው ቁጥር በመሆኑ ምርመራ ማብዛት ገቢ አይጨምርለትም። በ2008 የኩላሊት እጥበት ተጨመረ። ለገጠሩ ሰው ማሽን ካለበት ከተማ ድረስ መመላለስ ስለሚከብድ መጀመሪያ የተመረጠው ታማሚው ቤቱ ሆኖ በሆዱ በኩል የሚያደርገው ዓይነት ነው።

ሁሉም የሚያወራው ስለ 30 ባህቱ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራ የተሠራው ከዚያ በፊት ይመስለኛል። ታይላንድ ካርዱ ከመምጣቱ አሥርተ ዓመታት ቀድማ በየወረዳው ሆስፒታል ሠርታ፣ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ገጠር እንዲያገለግሉ አስገድዳ ነበር። ካርዱ ሲታደል የሚያሳዩበት ሐኪም ቤት ነበራቸው።

ሩዋንዳ ደግሞ መዋጮን መርጣለች። በ1999 በሦስት ወረዳዎች የተሞከረው “ሙቱዌል” ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፍቶ ግዴታ ሆነ። ከ2011 ጀምሮ መዋጮው በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ተለያየ፤ የድሃ ድሃውን መንግሥትና ለጋሾች ከፈሉለት። ሽፋኑ ከሕዝቡ 80 በመቶ አልፏል።

የኢትዮጵያ መንገድ ከሩዋንዳ ጋር ይቀራረባል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን የቀበሌው ነዋሪ መርጦ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሪፈራል ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ከዚህ ጎን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ባለሙያዎችን መድቧል፤ ኢራን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከመንደሩ ተወላጆች አሠልጥና በገጠር ጤና ቤቶች ካሠማራቻቸው ሠራተኞች ጋር ይመሳሰላሉ። ለአንድ ሰው ቀዶ ሕክምና ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለብዙ ችግረኛ ቤተሰቦች ዓመታዊ መዋጮ ስለሚበቃ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎችና ዕድሮች ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ካርድ ይዞ መድኃኒት ማጣት ግን የአባላት የዘወትር ቅሬታ ነው። ጤና ጣቢያው “የለም” ሲል ማዘዣው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ክፍያውም ተመልሶ ኪስ ላይ ይወድቃል። ለደመወዝተኛው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ላይ በተመሠረተው ሥርዓት ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ተደንግጎ ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። ለዚሁ አዋጅ ማስፈጸሚያ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ከሽፋኑ ውጭ ካደረጋቸው ሕክምናዎች መካከል፣ ኩላሊት በድንገት ሥራ ሲያቆም ከሚደረገው በስተቀር፣ የኩላሊት እጥበት ይገኝበታል።