«ነክሶ አያውቅም እኮ!»

ለገና ከላስታ ደጋ ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚመጣ ምዕመን ዱላ የሚይዘው ለመደገፊያ ብቻ አይደለም፤ ለውሻም ነው። በግ ከጅብ የሚያስጥል ውሻ ለባለቤቱ ሀብት ነው። መንገደኛ ሲነክስ ግን ማን ይጠየቅ?

ጥያቄው የቆየ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ተዋጊ በሬ ሰው ቢገድል፣ አመሉን ያላወቀውን ባለቤት ንጹሕ ይለዋል፤ ተነግሮት ያላሰረውን ነው የሚይዘው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይብሳል፦ በአንቀጽ 2071 እንስሳው ድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ባለቤቱ ይከፍላል። «ነክሶ አያውቅም» የምትሉ፣ ሰማችሁ?

እኛን ያስገረመን አንቀጽ 2074 ነው። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳ ይወጣል። በሬ ቢሆን እሺ፣ ይታረስበታል። የነከሰንን ውሻ ተረክበን ምን ልናደርገው ነው? የክትባቱስ ወጪ? መውጫዋ «ጥፋት ከሌለበት» የምትለዋ ናት፤ ተናካሽ መሆኑን እያወቀ መንገድ ላይ የሚለቅን ሰው ጥፋት የለብህም የሚል ዳኛ እስኪ እንይ።