የላፍሮይግ ጎረቤት

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ለቃ ነቀምትን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1908 እ.ኤ.አ.፣ በስኮትላንዷ የአይላ ደሴት አንድ ነጋዴ የጎረቤቱን ውስኪ አስመስሎ ለመሥራት ፋብሪካ ተከለ። ፒተር ማኪ ይባላል፤ የላጋቩሊን ውስኪ ባለቤት፣ «ኋይት ሆርስ»ን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት በመሆኑ «ዕረፍት የለሹ ፒተር» ይሉታል። ጉልበት ይሰጣል ያለውን ዱቄት እያስፈጨ ሠራተኞቹ በየቤታቸው እንዲበሉት ያስገድድ ነበር።

የማኪ ኩባንያ የጎረቤቱን የላፍሮይግን ውስኪ ለዓመታት በወኪልነት ሸጧል። ውሉ ሲቋረጥ የማኪ ሰዎች የላፍሮይግን ውሃ በድንጋይ ደፈኑት፤ ፍርድ ቤት እንዲለቀቅ አዘዘ። ማኪ ግን አልተኛም። በላጋቩሊን ግቢ «ሞልት ሚል» የተባለች ትንሽ ፋብሪካ አቁሞ፣ የላፍሮይግን የመዳብ ማፍያዎች አስመስሎ አሠራ። ጠማቂውንም አስኮብልሏል ይባላል።

ለምን? ብዙዎች ቂም ነው ይላሉ፤ ለወሬም የሚጥመው ይኸው ነው። ሌሎች ግን ኋይት ሆርስን ይጠቅሳሉ። ኋይት ሆርስ ከብዙ ውስኪዎች ተቀላቅሎ የሚሠራ ነውና፣ ማኪ ውሉን ሲያጣ ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ የሚያገኝበት ሌላ በር አስፈልጎታል። ቂም ፋብሪካ ያስተክል ይሆናል፤ 54 ዓመት ግን አያሠራም። ማኪ በ1924 ሲሞት ሞልት ሚል አልተዘጋችም፤ እስከ 1962 ዘልቃለች።

ጣዕሙ ግን ላፍሮይግን ሳይሆን ቀረ። ይህ የወለጋን አረቄ አውጪዎች አይደንቃቸውም፤ በአንድ ዓይነት ብቅል፣ ጌሾና እንስራ ሁለት ጎረቤታሞች የሚያወጡት ዳግም ለየቅል ነው።

ሞልት ሚል ከተዘጋች በኋላ ማፍያዎቿ ወደ ላጋቩሊን ተዛወሩ፤ ቤቷም የጎብኚዎች መቀበያ ሆነ። በ2012 የፊልም ዳይሬክተሩ ኬን ሎች ስለ አንድ የሞልት ሚል በርሜል ፊልም ሠርቶ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመበት።

ሞልት ሚል በስሟ ታሽጋ ለገበያ አልቀረበችም፤ ምርቷ ከሌላው ጋር ተደባልቆ አለቀ። የወለጋ ቡና ግን ዛሬም በዓለም ገበያ «ለቀምቴ» ተብሎ በነቀምት ከተማ ስም ይሸጣል። ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ አቅራቢዎች፣ ከሌላ ቡና ጋር አትቀላቅሉት፤ ስሙን ጠብቁት።