ነጠላ ዛብ፦ ወጣት በቅሎዎችን ለሠረገላ ስለ መግራት ታሪክና ስለ ስያሜው

በእንስሳት ጉልበት ስለሚካሄድ ማጓጓዣ የሚነገሩትን ሙያዊ ቃላት ስናሰባስብ ከሌሎቹ ይልቅ ያከራከረን የአንድ ገመድ ስም ነው። ገመዱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ጀርክ ላይን» ይባላል፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አሜሪካ ረጅም የበቅሎ ሰልፍ ይመራበት የነበረ ነው። በመጀመሪያው ረቂቃችን «የመጎተቻ ገመድ» ብለን ተርጉመነው ነበር። የገመዱን ታሪክ፣ ይልቁንም ወጣት በቅሎዎች በእርሱ የሚገሩበትን መንገድ ከመረመርን በኋላ ግን ስሙ ስሕተት መሆኑን ተረዳን። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የአማርኛ የቃላት ሀብትና ክፍተቱ

አማርኛ ስለ በቅሎ የሚናገርባቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ኮርቻ፣ ግላስ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ልባብና ዛብ የታወቁ ናቸው፤ በቤተ መንግሥትም የፈረሶችና የበቅሎዎች ኃላፊ «ባልደራስ» የሚል የማዕረግ ስም ነበረው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት የሚያገለግሉት በአብዛኛው ለመቀመጥና ለመጫን ነው። በደጋው አገራችን በቅሎ ሰው ተቀምጦባት ወይም ዕቃ ተጭኖባት ስትሄድ ኖረች እንጂ ባለመንኰራኵር ነገር መሳብ ዋና ሥራዋ አልነበረም።

መጎተትን የሚመለከቱት ቃላት የሚገኙት በገበሬው ቤት ነው። ቀንበር፣ ማነቆ፣ ምራን፣ ሞፈር፣ እርፍ፣ ጥማድ ሁሉም የበሬ ቃላት ናቸው። ገበሬው በአንድ እጁ እርፍ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ጅራፍ ይይዛል። በሬዎቹ ልጓምም ሆነ ዛብ የላቸውም፤ የሚታዘዙት ለድምፅና ለጅራፍ ነው። ስለዚህ ለሠረገላ በቅሎ ስም ስናወጣ ከሁለቱም ወገን መዋስ ግድ ይሆንብናል፤ ከባልደራሱ ዛብን፣ ከገበሬው ጥማድን።

2. ገመዱ የተወለደበት ሥራ

የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ በ1785 ለጆርጅ ዋሽንግተን ድንጉላ አህያ ልኮለት ነበር፤ ዋሽንግተንም በእርሻው ላይ በቅሎ ማርባት ጀመረ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት በቅሎ በአሜሪካ የእርሻና የጭነት ዋና ጉልበት ከሆኑት እንስሳት አንዷ ሆነች። በደቡብ ያለው ገበሬ አንዲት በቅሎ ጠምዶ ሲያርስ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንድ ገመድ ብቻ ነበር፤ እጆቹ ለማረሻው ያስፈልጉታልና። በምዕራብ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። ስድስት ፈረስ የሚስበውን የመንገደኛ ሠረገላ የሚነዳ ሰው ስድስት ዛብ፣ በየእጁ ሦስት ሦስት ይይዛል። እንስሳቱ ሃያ ሲሆኑ ያን ሁሉ ዛብ የሚችል እጅ አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ዝናን ያተረፈው በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ የነበረው የቦራክስ ማጓጓዣ ነው። ከ1883 እስከ 1889 ድረስ ቦራክስ ከበረሃው ተነሥቶ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞሃቪ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ይደርስ ነበር። ጉዞው ለአንድ መንገድ አሥር ቀን ያህል ይፈጃል። ሁለት ትላልቅ ሠረገላዎችና 4,500 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ አንድ ጋን ተቀጣጥለው ሲሄዱ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ33 ቶን ይበልጥ ነበር። የሠረገላዎቹ የኋላ መንኰራኵሮች ቁመት ከሁለት ሜትር ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚስቡት አሥር ጥማድ እንስሳት፣ ማለትም 18 በቅሎዎችና 2 ፈረሶች ነበሩ። ሰዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ነጂ፣ ሁለተኛው ረዳት። ነጂው ከሰልፉ ኋላ ሆኖ 36 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ገመድ ይይዛል። ገመዱ በግራ በኩል ባሉት እንስሳት ዕቃ ላይ በተሰኩ ቀለበቶች ውስጥ አልፎ ከግራዋ መሪ በቅሎ ልጓም ይታሰራል። ከሃያው አፍ የሚደርሰው ወደ አንዱ ብቻ ነው።

3. ወጣቷ በቅሎ የምትገራበት መንገድ

በዚህ ገመድ ማንንም በኃይል መጎተት እንደማይቻል ከርዝመቱ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በቅሎዋ አስቀድማ በተማረችው ላይ ነው።

ግራቱ ከመዳበስ ይጀምራል። ወጣቷ በቅሎ ጆሮዋን፣ ሆዷንና እግሯን ማስነካት ትለምዳለች፤ ከዚያም በጠንካራ ልባብ ከማይነቃነቅ ምሰሶ ጋር ትታሰራለች። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች» የሚለው ምሳሌያችን የሚነገረው ራሱን ለሚጎዳ ሰው ነው፤ ገሪው ግን ሌላም ነገር ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ገመድ የበጠሰች በቅሎ ሁልጊዜ ትሞክረዋለች። የመጀመሪያው ገመድ እንዳይበጠስ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው። ቀጥሎ የመሳቢያ ዕቃው ያለ ሸክም ይጫንባታል፤ የሰንሰለቱንም ድምፅ እስክትለምድ ድረስ በዝግታ ትመላለሳለች።

ከዚህ በኋላ ገሪው በእግሩ ከኋላዋ እየሄደ ይነዳታል። በመጀመሪያ በሁለት ዛብ ነው። አቅጣጫውን ከተረዳች በኋላ የቀኙ ይወልቃል፤ የግራው ብቻ ይቀራል። ትእዛዙ ሁለት ነው። ገመዱ ሳብ ተደርጎ ሲያዝ አንገቷ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እርሷም ወደ ግራ ትዞራለች። ገመዱ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ሲደረግ ደግሞ ራሷን ቀና አድርጋ ንክኪው ከመጣበት ከግራ ትሸሻለች፤ በዚህም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ከገመዱ ጋር ቃል ይነገራታል፤ አሜሪካውያኑ ለግራ «ሆ»፣ ለቀኝ «ጂ» ይላሉ። ጥሩ ገሪ ቃሉን ያስቀድማል፣ ገመዱን ያስከትላል፤ ውሎ አድሮ ቃሉ ብቻ ይበቃል። ገመዱን ያለ ምልክት ዘወትር የሚወጥር ሰው ግን የበቅሎዋን አፍ ያደነድናል፤ የደነደነ አፍ ደግሞ በመሳብና በመነቅነቅ መካከል ያለውን ልዩነት አይሰማም።

ቀጥሎ ከለመደች አሮጊት በቅሎ ጎን ተጠምዳ ግንድ ትጎትታለች። የእኛም ገበሬ ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር አጣምሮ ቀንበር ያስለምዳል፤ ዘዴው አንድ ነው። ወደ ረጅሙ ሰልፍ ስትገባ የሚሰጣት ቦታ መካከሉ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የሚያውቁ እንስሳት ይይዟታል። ስሟንም ትማራለች፤ ነጂው ያዘገመችውን ለይቶ የሚጠራት በስሟ ነውና።

ለአንዳንዶቹ ከባድ ትምህርት ይጨመራል። መንገዱ ሲታጠፍ የተወጠረው ሰንሰለት ወደ ውስጠኛው ጥግ ስለሚሳብ ሠረገላውን ከመንገድ ሊያስወጣው ይችላል። በዚያን ጊዜ ከኋለኛው ጥማድ ፊት ያሉት በቅሎዎች ሰንሰለቱን ዘልለው በማለፍ ወደ ውጭ፣ በጎን እየተራመዱ ይስባሉ። ለመሪነት የምትመረጠው ግን ለምልክቱ ፈጥና የምትመልሰው ናት። ቀኟ መሪ ከገመዱ ጋር አትገናኝም፤ ከግራዋ መሪ ዕቃ ወደ እርሷ ልጓም የተዘረጋ አንድ ዘንግ ወደ ፈለጉበት ያዞራታል።

4. ስለ ስያሜው

ከዚህ ታሪክ በመነሣት «የመጎተቻ ገመድ» የሚለውን ረቂቅ ሰርዘናል። ሸክሙን የሚጎትተው ሰንሰለቱ ነው፤ ገመዱ መልእክት ያደርሳል እንጂ አይጎትትም። ስሙን አንብቦ ገመዱን የሚወጥር ጀማሪ ቢኖር ስሕተቱ የእኛ፣ ጉዳቱም የበቅሎዋ ይሆናል። የአሜሪካውያኑ ስም ራሱ ጎደሎ ነው፤ «ጀርክ» ማለት ነቅነቅ ማድረግ ስለሆነ የቀኙን ምልክት ብቻ ሰይሞ የግራውን ይተዋል። ቃል በቃል ብንተረጉመው ጉድለቱን አብረን እንወርሳለን።

ስለዚህ «ነጠላ ዛብ» የሚለውን መርጠናል። ዛብ የመሪነትን ሥራ ያመለክታል፤ ነጠላ የሚለው ቅጽል ከተለመደው ጥንድ ዛብ ይለየዋል። የሚከተሉትንም ፍቺዎች እናቀርባለን።

ነጠላ ዛብ፦ በግራ መሪ ልጓም ብቻ የሚታሰርና በመሳብ ወደ ግራ፣ በመነቅነቅ ወደ ቀኝ የሚያዝዝ ረጅም ገመድ።

ግራ መሪ፦ በሰልፉ ፊት በግራ በኩል የምትጠመድና የነጠላ ዛብን ምልክት የምትቀበል በቅሎ።

አጣማሪ ዘንግ፦ ቀኝ መሪን ከግራ መሪ ጋር የሚያያይዝ ዘንግ።

ሰንሰለት ዘላይ፦ በመንገድ መታጠፊያ ሰንሰለቱን ተሻግራ ወደ ውጭ የምትስብ በቅሎ።

ነጂ የሚለው ቃል ማብራሪያ አያሻውም። ቀድሞ ከብትን ከኋላ ሆኖ ለሚከተል ሰው ይነገር የነበረው ቃል በኋላ ለመኪናም ተረፈ፤ እዚህ ወደ ጥንት ቦታው ይመለሳል።

ባቡርና ሞተር ነጠላ ዛብን ከሥራ አስወጥተውታል። የሃያው በቅሎ ሰልፍ በ1894 በተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆኖ በቦራክስ ካርቶን ላይ ሲታወስ ቆይቷል፤ ወጣቶቹን በቅሎዎች የገሩት እጆች ዕውቀት ግን በካርቶን ላይ አይታይም። በእኛም ዘንድ ጋሪ ነጂዎችና ገበሬዎች ለእንስሶቻቸው የሚናገሯቸው የግራና የቀኝ፣ የቁምና የሂድ ቃላት በሙሉ አልተመዘገቡም። አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚሰሙትን እንዲህ ያለ ቃል ከነአገባቡና ከነእጁ እንቅስቃሴ ጽፈው ቢልኩልን ከምስጋና ጋር እንቀበላለን።